ከሲዲ ቦርሳው ግርጌ፦ የፕሌይስቴሽን 2 ዘመን ጨዋታዎች ከሃያ ዓመት በኋላ ሲፈተሹ

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 2 ገዛሁ። ከዕቃው ጋር ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ሜሞሪ ካርድና ዚፑ የማይዘጋ የሲዲ ቦርሳ ተሰጠኝ። በቦርሳው ውስጥ ያሉትን ዲስኮች ስቆጥራቸው 43 ሆኑ፤ ከእነዚህም 21ዱ የእግር ኳስ፣ ስድስቱ የመኪና ውድድር፣ አምስቱ የድብድብ፣ አራቱ ደግሞ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የተባለው የወንበዴዎች ጨዋታ ነበሩ፤ አራቱም አንድ ዓይነት። የቀሩት ሰባት ዲስኮች በማርከር «ልዩ ልዩ» ከሚለው ጽሑፍ በስተቀር ምንም መለያ አልነበራቸውም። ስለ እነርሱ ስጠይቀው ሻጩ «እነሱን ሰው አይፈልጋቸውም፤ ለመሙያ የገቡ ናቸው» አለኝ። ይህ ግምገማ በአብዛኛው ሰው ስለማይፈልጋቸው ስለ እነዚያ ዲስኮች ነው።

ዕቃውን የገዛሁት ናፍቆት ስለያዘኝ ብቻ አልነበረም። በእኔ ዕድሜ ያሉ ተጫዋቾች ሲገናኙ «የድሮ ጌም ይሻል ነበር፤ የአሁኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው» የሚል ወቀሳ ደጋግመው ያነሳሉ። ወቀሳው እውነት መሆኑን ለማወቅ ግን የድሮውን በትዝታ ሳይሆን በእጅ ይዞ መፈተሽ ያስፈልጋል። ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 በጃፓን ለገበያ የቀረበ፣ በዓለም ዙሪያ ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠና እስከ ዛሬ በሽያጭ የሚበልጠው የቤት ውስጥ የጨዋታ መሣሪያ ያልተገኘ ዕቃ ነው። የጨዋታዎቹ ብዛት በሺዎች ይቆጠራል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ጎጃም የደረሰው የትኛው ነው፣ ከደረሰውስ የተጫወትነው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ነው ክረምቱን ሙሉ ከቤት እንዳልወጣ ያደረገኝ። ዝናቡም ረድቶኛል።

በ1998 እና በ1999 ዓ.ም. እኔ የማውቀው ፕሌይስቴሽን ቤት የጭቃ ግድግዳው በጋዜጣ የተለበጠ፣ ሦስት ቴሌቪዥኖች በአንድ ዲቫይደር ላይ የተሰኩበትና ከአግዳሚው ወንበር ይልቅ ከኋላ የቆመው ተመልካች የሚበዛበት ጠባብ ክፍል ነበር። ክፍያው በግጥሚያ ሲሆን ደንቡም «ተሸናፊ ከፋይ» ነው። ይህ ደንብ የምንጫወተውን ጨዋታ እኛ ሳንሆን የሒሳብ አያያዙ እንዲመርጥልን አድርጎ እንደነበር የገባኝ ዘንድሮ ነው። በክፍያ የሚሠራ ቤት ቁርጥ ያለ መጨረሻ ያለው፣ ሁለት ሰው ፊት ለፊት የሚያጋጥምና አሸናፊውን በማያሻማ ሁኔታ የሚለይ ጨዋታ ይፈልጋል። እግር ኳስ ይህን ሁሉ ያሟላል፤ የድብድቡ ቴከን 5ም ሆነ የነጻ ትግሉ ስማክዳውን ያሟላሉ። አሥር ሰዓት የሚወስድ፣ ለብቻ የሚጫወቱትና ዛሬ ያቆሙበትን ነገ የሚቀጥሉበት ጨዋታ ግን በዚያ ቤት ቦታ አልነበረውም። ለማስቀመጥ ሜሞሪ ካርድ ያስፈልጋል፤ ስምንት ሜጋባይት ብቻ የምትይዘውን ያችን ትንሽ ካርድ ደግሞ ባለቤቱ እንዳትሰረቅበት ከመሣሪያው ነቅሎ ኪሱ ውስጥ ይይዛት ነበር። ሳን አንድሪያስ ብቻ በሰዓት ሒሳብ ይፈቀድ ነበር፤ እርሱም ቢሆን ታሪኩን ለመጨረስ ሳይሆን መኪና ቀምቶ ከፖሊስ ለመሮጥ ነበር የሚከራየው።

ስለዚህ ፍተሻውን የጀመርኩት ከማውቀው ነው። የኮናሚን እግር ኳስ፣ በጃፓን ስሙ ዊኒንግ ኢለቨን፣ በአውሮፓ ስሙ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር የሚባለውን፣ ዛሬም በእጄ ስይዘው ጥሩ ጨዋታ መሆኑን መካድ አይቻልም። ኳሷ ከእግር የምትለይ፣ የራሷ ክብደት ያላት ነገር ናት፤ ቅብብሉን ማሰብ ይጠይቃል፤ ሁለት ጓደኛሞችም እስኪነጋ ቢጫወቱት የሚደጋገም ጎል አያገኙበትም። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ስድስተኛው ዕትም የኢንተር ሚላኑ አድሪያኖ ከመሀል ሜዳ ጀምሮ የሚለቀውን ምት ያየ ሰው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም፤ በእኛ ሰፈር «አድሪያኖ የሌለበት» ተብሎ ውል የሚገባበት ግጥሚያ ነበር። የክለቦች ፈቃድ ስላልተሟላ ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ» እየተባለ መቅረቡም አላስቸገረንም፤ ማልያውን በቀለም እንለየው ነበር። ነገር ግን 21ዱን ዲስኮች አንድ በአንድ ከፍቼ ስመለከት በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት የተጫዋቾች ዝርዝርና የመግቢያው ሙዚቃ ሆኖ አገኘሁት። ከመካከላቸው ዘጠኙ ጨርሶ አዲስ ዕትም አይደሉም፤ አንዱ የድሮ ዕትም የአዲስ ዓመት ዝውውር ተጨምሮበት በድጋሚ የተቀዳ ነው።

እዚህ ላይ የአጎቴን ነገር ማንሳት ግድ ይለኛል። አጎቴ በወጣትነታቸው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ከኋላዬ ቆመው ሁለት ግጥሚያ ከተመለከቱ በኋላ «ይህን ትናንትም አይቸዋለሁ» አሉኝ። ውጤቱ የተለየ ነው፣ ተጋጣሚውም ሌላ ነው ብዬ ብከራከርም አልተቀበሉኝም። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ ፊት ቆሞ የሚያቀርበው የራሱን አዲስ ቅኔ ነውና ትናንት የተባለውን አጥንቶ ቢደግም ዘረፈ (ቅኔ አፈለቀ) አይባልለትም። ልኩ ግን አስቀድሞ የተቆረጠ ነው፤ ጉባኤ ቃና የተባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት (ስንኝ) ነው፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ ማንም ተነሥቶ ጉባኤ ቃናን ባለ ሦስት ቤት አያደርገውም። አዲስነቱ የሚፈለገው ከልኩ ውስጥ ነው። እኔም ከዚያ ቀን በኋላ «ልዩ ልዩ» የተባሉትን ዲስኮች በዚህ መስፈርት መመዘን ጀመርኩ፤ ማለትም የመኪና ጨዋታ ስለሆነ ወይም ስላልሆነ ሳይሆን፣ በተሰጠው ልክ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልተባለ ነገር ብሏል ወይ የሚለውን እየጠየቅሁ።

ከሰባቱ ሁለቱ አልነበቡም። አምስቱ ሠሩ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኢኮ ነው። ቀንድ ይዞ በመወለዱ የመንደሩ ሰዎች ሰው በሌለበት ቤተ መንግሥት ወስደው የቆለፉበት ልጅ፣ እዚያው ከታሰረች አንዲት ልጅ ጋር ለመውጣት ይሞክራል። የጨዋታው አጠቃላይ ፈጠራ በአንድ ቁልፍ ውስጥ ነው፤ ያችን ቁልፍ ሲጫኑ ልጁ የልጅቱን እጅ ይይዛል፣ ሲለቁ ይለቃል። ከለቀቋትና ከራቁ ጥላዎች መጥተው ይወስዷታል። ስንት ነጥብ እንዳለዎት፣ ስንት ሕይወት እንደቀረዎት የሚነግር ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ የለም፤ ሙዚቃውም አልፎ አልፎ ካልሆነ አይሰማም፤ የሚሰማው ንፋሱና የእግር ኮቴው ነው። ለማስቀመጥ ሲፈልጉ ሁለቱ ልጆች የድንጋይ መቀመጫ ላይ አረፍ ይላሉ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ቋንቋው ነው። ልጆቹ የሚናገሩት የትም አገር የማይነገር፣ ለጨዋታው የተፈጠረ ቋንቋ ነው፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው አይግባቡም። ይህም ማለት በ1998 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ እንግሊዝኛ የማያነብ ልጅ ይህን ጨዋታ ለመረዳት ከለንደን ልጅ ብዙም የሚያንስበት ነገር አልነበረም ማለት ነው። ዲስኩ ምናልባት ያኔም እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ እንዲህ ባለ ቦርሳ ግርጌ ነበረ።

ሁለተኛው ኢኮን የሠራው የዚያው ቡድን ሥራ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ ነው። የሞተች ልጅን ለማስነሳት አንድ ወጣት 16 ግዙፍ ፍጡራንን መግደል አለበት፤ በሰፊው ምድር ላይ ከእነዚህ 16 በስተቀር የሚዋጉት ጠላት የለም። በየመንገዱ አሥር፣ በየጥጉ ሃያ ጠላት ማስቀመጥ ልማድ በሆነበት ዘመን ባዶ ሜዳ ማቅረብ ድፍረት ይጠይቃል። እያንዳንዱ ፍጡር ራሱ መንገዱ ነው፤ ፀጉሩን ይዘው ይወጡበታል፣ ሲንቀጠቀጥ ተጣብቀው ይቆያሉ፣ እጅ ሲዝል ይወድቃሉ። ሲሞት ደግሞ ደስታ የሚያሰማ መለከት የለም፤ ሐዘን ነው የሚሰማው፤ ተጫዋቹም ያደረገው ነገር ልክ ስለመሆኑ እየተጠራጠረ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ስለ ፈረሱ ትንሽ ልበል። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚደረገውን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ያየ ሰው ፈረስ እንደ መኪና በመሪ የሚዞር ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። በሌሎቹ ጨዋታዎች ያሉት ፈረሶች ግን መኪናዎች ናቸው። አግሮ የተባለችው የዚህ ጨዋታ ፈረስ ሲጠሯት ትዘገያለች፣ ገደል ስታይ በራሷ ፈቃድ ትታጠፋለች፣ ልጓም ቢስቡም ሁልጊዜ እሺ አትልም። ብዙ ተጫዋቾች ይህን እንደ ጉድለት ቆጥረው ያማርራሉ፤ እኔ ግን ይህን ፈረስ የሠራው ሰው ፈረስ የሚያውቅ ነው ባይ ነኝ። እውነተኛው ጉድለት ሌላ ነው። መሣሪያው የተሸከመው ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ግዙፎቹ ሲንቀሳቀሱ ምስሉ በግልጽ ይጎተታል፤ ዓይን እስኪለምደው ድረስ ያታክታል።

ሦስተኛውን ዲስክ ስከፍት ተበላሽቷል ብዬ ነበር። ካታማሪ ዳማሲ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የናምኮ ጨዋታ ነው። የጽንፈ ዓለሙ ንጉሥ በራሱ ጥፋት ከዋክብትን ሁሉ ከሰማይ አርግፎ፣ ቁመቱ አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነ ልጁን ወደ ምድር ይልክና አዲስ ኮከብ እንዲሠራለት ያዝዘዋል። ልጁ የሚያደርገው እበት እንደምታንከባልል ጢንዚዛ አንድ የምታጣብቅ ኳስ መግፋት ብቻ ነው። በመጀመሪያ መርፌና ላጲስ ይጣበቃሉ፤ ኳሷ ስታድግ ጫማና ብርጭቆ፤ ከዚያ ድመት፣ ከዚያ ሰው፣ ከዚያ መኪና፣ በመጨረሻም ዛፍ፣ ቤትና ደሴት። ከአሥር ደቂቃ በፊት ያሯሯጠዎትን ድመት ተመልሰው እርስዎ ሲያነሱት የሚሰማው ደስታ በሌላ በየትኛውም ጨዋታ ያላገኘሁት ነው። በጆይስቲኩ ላይ ካሉት ቁልፎች ሁሉ የሚሠሩት በአብዛኛው ሁለቱ አናሎግ ዱላዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱንም ወደፊት ሲገፏቸው ኳሷ ትሄዳለች፣ አንዱን ወደፊት አንዱን ወደኋላ ሲያደርጉ ትዞራለች። የእጅ ጋሪ ገፍቶ የሚያውቅ ሰው መመሪያ አያስፈልገውም። የሰባት ዓመት የእህቴ ልጅ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ገባት፤ አጎቴም ወንበር አስጠግተው ተቀመጡና «ይህስ አልተደገመም» አሉ።

የጨዋታው ፈጣሪ ኬይታ ታካሃሺ የተማረው ቅርጻ ቅርጽ ነው። ይህን ሳውቅ አልተደነቅሁም፤ ነገሩ ሁሉ ስለ ዕቃዎች መጠንና ቅርጽ ነውና። ካሬ የሆነ ዕቃ ሲጣበቅ ኳሷ ትንገዳገዳለች፣ ረጅም እርሳስ ጎኗ ላይ ሲሰካ እያነከሰች ትሄዳለች። በአሜሪካ ሲሸጥ ዋጋው 20 ዶላር ብቻ ነበር፤ በጊዜው አንድ አዲስ ጨዋታ 50 ዶላር ይሸጥ ስለነበር ሻጮቹ ራሳቸው ብዙ ተስፋ እንዳልጣሉበት ከዋጋው መገመት ይቻላል። ጉድለቱን ለመናገር ያህል፣ ካሜራው ከግድግዳ ጥግ ሲገባ ያደናግራል፤ የንጉሡም ንግግር ይረዝማል።

አራተኛውን ኦካሚን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ስላልወደድኩት ሳይሆን ከሩቡ በላይ ስላልተጫወትኩት። በጃፓን የቀለም ሥዕል አምሳል የተሠራ፣ ተጫዋቹ ጊዜውን አቁሞ በብሩሽ ክብ በመሣል ፀሐይ የሚያወጣበት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ እጅግ ውብ ሥራ ነው፤ ከሃያ ዓመት በኋላም ያላረጀ መልክ ያለው ከአምስቱ እርሱ ብቻ ነው። ነገር ግን በጽሑፍ የተሞላ በመሆኑ እንግሊዝኛ አንብቦ ለማይረዳ አይመከርም። የሠራው ክሎቨር የተባለው ስቱዲዮ ጨዋታው ወጥቶ ዓመት ሳይሞላው ተዘግቷል። አምስተኛው ዲስክ ከአንድ የሆሊውድ ፊልም የተቀዳ፣ ሩጫ፣ ዱላና በር መክፈት እየተፈራረቁ የሚመጡበት ሥራ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሰጥቼዋለሁ፣ በቂው ነው።

ይህኛው ዲስክ ግን በከንቱ አልተገኘም፤ ዘመኑን በትዝታ መነጽር ብቻ እንዳላይ ከልክሎኛል። ያ ትውልድ የፈጠራ ብቻ ሳይሆን የግልባጭም ትውልድ ነበር። ጂቲኤ 3 እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ ከተማ ሙሉ መኪና ለተጫዋቹ ከለቀቀ በኋላ ሁሉም የራሱን ከተማና የራሱን ወንበዴ ማቅረብ ጀመረ፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተኩስ ደግሞ ሰለቸኝ እስኪባል ድረስ ተደገመ። ልዩነቱ ያለው፣ ግልባጩ ከሚጎርፍበት ገበያ ጎን ለጎን እንደ ካታማሪ ያለ ነገር ዲስክ ላይ ታትሞ መደብር የሚገባበት ክፍተት በመኖሩ ላይ ነው። ምክንያቱ የመሣሪያው ጉልበት አይደለም። ፕሌይስቴሽን 2 የነበረው ዋና ሜሞሪ 32 ሜጋባይት ነው፤ ዛሬ ኪሳችን ያለው ተራ ስልክ በመቶ እጥፍ ይበልጠዋል። ምክንያቱ የመሳሳት ዋጋ አነስተኛ መሆኑ ነው። አንድ ጨዋታ በጥቂት አሥር ሰዎች በሁለት ዓመት ሊሠራ ይችል ነበር፤ የመሣሪያው ባለቤቶች በጣም ብዙ ስለሆኑም ከእነርሱ በጣም ጥቂቱ እንኳ ቢገዛ ወጪው ይመለሳል፤ ባይመለስም አሳታሚው አይከስርም። ስለ ተወዳዳሪዎቹ ስለ ድሪምካስት፣ ስለ ጌምኩብና ስለ መጀመሪያው ኤክስቦክስ የማወራው የለኝም። የራሳቸው ድንቅ ሥራዎች ነበሯቸው፤ ግን እኔ በጎጃም አንድም ቀን በዓይኔ አላየኋቸውም።

የአሁኑን ለማነጻጸር ስል በዚያው ሰሞን ወደ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ሄድኩ። አምስት ፕሌይስቴሽን 4 አለ፤ ሶፋው የተመቸ፣ ስክሪኑ የጠራ ነው። አምስቱም ላይ እግር ኳስ ይጫወታሉ። ከባለቤቱ ጀርባ በተሰቀለው መደርደሪያ ላይ ሌላ አራት ዲስክ አየሁ፤ ከእነርሱ አንዱ ጂቲኤ 5 ነው። ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2013 ለፕሌይስቴሽን 3፣ በ2014 ለፕሌይስቴሽን 4፣ በ2022 ለፕሌይስቴሽን 5 እንደገና የተሸጠ ነው፤ አንድ ሥራ ሦስት ትውልድ ኖረ። ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2018 ታድሶ ወጥቷል። ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 ሲጀመር አብሮት የቀረበውና ብዙ የተመሰገነው ዲመንስ ሶልስም የ2009 ጨዋታ እድሳት ነው። ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል ወጪው ነው። በ2023 በአሜሪካ ፍርድ ቤት በቀረበ ሰነድ ላይ ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል ሁለት የተባለው ጨዋታ ወደ 220 ሚሊዮን ዶላር እንደፈጀ ተገልጿል። ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣ ድርጅት እበት ገፊ ጢንዚዛ ላይ አይወራረድም።

ሆኖም «የአሁኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው» የሚለው ወቀሳ እንዲሁ ተደፍኖ ሲነገር ትክክል አይደለም። ልዩ ልዩው ቦታ ቀይሯል እንጂ አልጠፋም፤ ከመደብር መደርደሪያ ወርዶ በኢንተርኔት ብቻ ወደሚሸጡ፣ በአንድና በሁለት ሰው ወደሚሠሩ ጨዋታዎች ሄዷል። ሉካስ ፖፕ የተባለ ሰው ለብቻው የሠራው ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን በሁለት ቀለም ብቻ ተሥሎ የመርከብ ሙሉ ሠራተኞችን አሟሟት በምርመራ ያስፈታል። ኤሪክ ባሮንም ስታርዲው ቫሊን ለብቻው ሠርቶ የግብርና ሥራን በዓለም ተወዳጅ አድርጓል፤ (እናቴ ስመለከተው አይታ «ይህን ለመሥራት አነደድ ሂድ፣ መሬቱ እዚያ አለልህ» ብላኛለች።) የእኛ ችግር እነዚህን ማግኘቱ ነው። በባንክ ካርድ በውጭ ምንዛሪ መክፈልን ይጠይቃሉ፤ ከዚያም ማውረድ አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ማውረድ የሚባለው ነገር ሐሳብም አልነበረም፤ ያኔ የሠራው በዲስክ ያለው ብቻ ነው። በዲስክ የሚመጣው ደግሞ በብዛት የሚሸጠው ነው፣ በብዛት የሚሸጠውም እግር ኳሱ ነው። በእኛ ከተማ ያለው ተጫዋች የአሁኑን ትውልድ አንድ ዓይነት ነው ቢል የሚናገረው ስለ ትውልዱ ሳይሆን ወደ እርሱ ስለደረሰው ክፍል ነው፤ በ1998ም የሆነው ያው ነበር።

ስለ ዕቃው ራሱ ለሚገዛ ሰው የሚከተለውን እላለሁ። ቀጭኑ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሲሆን ለማጓጓዝ ቢመችም፣ ወፍራሙ የፊተኛው ሞዴል ለጥገና ይቀላል ብሎ የጥገና ባለሙያው ነግሮኛል። ከመግዛትዎ በፊት ሻጩ ፊት ሦስት የተለያዩ ዲስኮች አስገብተው ያስሞክሩ፤ ሌንሱ የደከመ መሣሪያ አንዱን አንብቦ ሌላውን ይተፋል። ያለ ሜሞሪ ካርድ አይግዙት፤ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ የሚከፍተው እርሱ ነው። በፍላሽ ተጭኖ የሚሸጥ ከሆነ የመሣሪያው የዩኤስቢ መስመር የጥንቱ አዝጋሚ ዓይነት ስለሆነ የፊልም ትዕይንቶች እየተቆራረጡ እንደሚታዩ ይወቁ። በአዲሱ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ላይ በቀይ፣ በነጭና በቢጫው ገመድ ሲያገናኙት ምስሉ ይደበዝዛል፤ ከኋላው ወፍራም የሆነው የድሮ ቴሌቪዥን ካለዎት እርሱን ይጠቀሙ። ስታቢላይዘር ግዴታ ነው፤ የእኔው ዕቃ በሁለተኛው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሊቃጠል ለጥቂት ነው የተረፈው። ዲስኮቹ ሁሉ የተቀዱ ናቸው፤ ከከፈልኩት ገንዘብ ለእነ ታካሃሺ የደረሰ ሳንቲም እንደሌለ አውቃለሁ፣ ደስ አይልም፤ በእኛ ገበያ ግን ዋናውን ዲስክ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ነሐሴ ላይ መሣሪያውን ጠቅልዬ ወደዚያው ፕሌይስቴሽን ቤት ወሰድኩትና ለአንድ እሑድ አንዱን ቴሌቪዥን እንዲሰጡኝ ባለቤቱን ጠየቅኋቸው። ካታማሪን ስከፍተው ልጆቹ ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው አንዱ «ጋሼ፣ ጎሉ የት ጋ ነው?» አለኝ። የለውም አልኩት። ባለቤቱ በበኩላቸው ያሳሰባቸው ሌላ ነበር፤ «መጨረሻው የማይታወቅ ነገር እንዴት ብዬ ነው የማስከፍለው?» አሉኝ። በስክሪኑ ጥግ ላይ ወደኋላ የሚቆጥረውን ሰዓት አሳየኋቸው፤ እያንዳንዱ ኮከብ የተወሰነለት ደቂቃ አለው፣ ሲያልቅም ንጉሡ ራሱ መጥቶ ይለካል። ዝም ብለው ሁለት ልጆች ሲጫወቱ አዩ፤ አንደኛው ድመቷን ሲያነሳ ከኋላ የቆሙት ጎል እንደገባ ጮኹ። መሣሪያውን እንዳከራያቸው የጠየቁኝ በዚያው ቀን ማታ ነው። በሳምንቱ ሳልፍ በሩ ላይ በተለጠፈው ካርቶን ላይ፣ ከግጥሚያው ዋጋ በታች፣ «ኮከብ መሥራት 5 ብር» የሚል መስመር ተጨምሮበት አየሁ።